1000 ማይክሮ 16 ቮልት ካፓሲተር ጠፋ፤ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይላል

የጉለሌ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አስቸኳይ ነው። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ሊዘጉ ነው። ያበጠው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ነው። ልጁ ባለ 10 ቮልትና ባለ 35 ቮልት አወጣልኝ። «1000 እስከሆነ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። ባለ 10ሩ ልክ ይገባል፣ ባለ 35ቱ ወፍራም ነው። የቱን ልውሰድ?

ባለ ቴስተር፦ የምን ቦርድ ነው? መስመሩስ ስንት ቮልት?

የጉለሌ ልጅ፦ የ32 ኢንች ቲቪ ፓወር ቦርድ። አጠገቡ 12 ቮልት ይላል። ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ አይነሳም።

ሰማያዊ ሽቦ፦ ሻጭን «ይሄ ይሆናል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁሌም «ይሆናል» ነው። የተበላሸውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚሰጣችሁንም ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ። 7805 (ቮልት የሚያስተካክል ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ብላችሁ 7905 ቢሰጧችሁ መልኩ አንድ ነው፤ ግን አንዱ ፖዘቲቭ 5 ቮልት፣ ሌላው ኔጌቲቭ 5 ቮልት ነው፣ እግሮቹም ቦታ ይለዋወጣሉ።

ጎረቤት፦ ባለ 35ቱን ውሰድ።

ባለ ቴስተር፦ አዎ፣ ባለ 35ቱን። ባለ 10ሩ 12 ቮልት ላይ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ቮልቱ ከፍ ቢል ግድ የለም፣ ዝቅ ማለት ነው የማይሆነው። ላዩ ላይ 105 ዲግሪ የሚል መሆኑን እይ። ባለ 85ቱ እዚያ ሙቀት ውስጥ ዕድሜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ካልገባ እግሩን ፕላስቲክ አልብሰህ አጋድመው፣ ከሙቀት ማብረጃው ብረት ግን አርቀው። ነጭ መስመር ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው።

የቦርድ ወዳጅ፦ ቆይ፣ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ብቻ ነው ያለው ማነው? ብልጭ ድርግም የሚለው የ12 ቮልቱ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ሾርት ሲሆንም ነው። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርገህ በሁለቱም አቅጣጫ ለካ። ሁለቱም ዜሮ ካሉ አንድ እግሩን ነቅለህ ድገም፤ አሁንም ዜሮ ከሆነ ዳዮዱ ሞቷል። አሁን ሱቅ ውስጥ ስለሆንክ ዳዮዱንም አብረህ ግዛ፣ ቁጥሩን ከቦርዱ አንብበህ።

የጉለሌ ልጅ፦ ቦርዱ ቤት ነው፣ ፎቶ ግን አለኝ። እያየሁ ነው።

ሰማያዊ ሽቦ፦ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። በ220 ቮልት መግቢያ በኩል ባለው ትልቁ ካፓሲተር ላይ እስከ 310 ቮልት ሊቀር ይችላል። በመልቲሜትር ለካ፣ ወደ ዜሮ ካልወረደ እጅህን አታስገባ። በጠመንጃ መፍቻ ሾርት አታድርገው።

ጎረቤት፦ ባለ 35ቱን ካፓሲተር ሁለት ግዛ፣ አጠገቡ ያለውም አብሮ ያረጀ ነው።