ጥቆማ፦ አዳማ ላይ አረንጓዴ ሻይ ልትገዙ ላሰባችሁ

አረንጓዴ ሻይ በየቀኑ ልትጠጡ አስባችሁ የትኛው እንደሚሻል ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በሚዛን የሚሸጥ፣ ያልተፈጨ፣ በቅርብ ጊዜ የታሸገ ሻይ ቅጠል ካገኛችሁ እርሱን ግዙ። ካላገኛችሁ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው የታሸገበትን ባለ ክር ሻይ ከሱፐርማርኬት ያዙ። «ያከሳል» እየተባለ የሚሸጠውንና በእንክብል የሚመጣውን ግን አትንኩ። ይህን ካልኩ በኋላ፣ አዳማ ላይ ለሚኖር ሰው ከሻዩ ስም ይልቅ የሚያፈላበት ውሃና የሚጠጣበት ሰዓት ይበልጣል። አብዛኛውን የምጽፈውም ስለ እነርሱ ነው።

ሰዓቱን ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። የደም ግፊት አለባት፤ ጎረቤቷ «አረንጓዴ ሻይ ግፊት ያወርዳል» ብላት አንድ ፓኬት ገዛች። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሽሮዋን ወይም ምስሯን በልታ እጇን እንደታጠበች ሻይዋን ታስከትላለች፤ ምሳም እራትም እንዲሁ። ፋሲካ ሲያልፍ ደረጃ መውጣት አቃታት፣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ ስትመረመር ደሟ አንሶ ተገኘ። የብረት እንክብል ታዘዘላት። በቀጠሮዋ ቀን ለውጥ ያላየው ሐኪም «እማማ፣ መድኃኒቱን በምንድን ነው የሚውጡት?» አላት። «በሻዬ ነዋ ልጄ፤ ለጤና ነው ብለውኝ» አለችው። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያንን ብርጭቆ ስትጠጣ ሰንብታ፣ ብዙውን ጊዜ ያቀረብኩላት እኔ ነበርኩ።

ደሟ ያነሰው በሻዩ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያሉት ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች፣ ለጤና ይጠቅማሉ የተባሉት ራሳቸው፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ አጥብቀው ስለሚይዙት ሰውነት ሳይጠቀምበት ያልፋል። ከሥጋ የሚገኘውን ብረት ያን ያህል አይነኩትም። የእኛ ብረት ደግሞ በአብዛኛው ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የሚመጣ ነው፤ በጾም ወራት ከእነዚህ ሌላ ብዙ ምንጭ የለንም። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ በፊትም በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። የብረት እንክብል የምትወስዱ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሁለት ሰዓት ብታደርጉት ይሻላል፤ እንክብሉን በውሃ ዋጡት። ሎሚ መጨመር ብረቱን በመጠኑ ያግዛል፤ ሻዩን ከምግብ ማራቅን ግን አይተካም። ለቤታችን የተስማማን ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አክስቴ ዛሬም ትጠጣለች፤ ደሟም ተመልሷል፤ የግፊት መድኃኒቷን ግን አላቋረጠችም።

ወደ ውሃው ልምጣ። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ወንጂ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለ። እርሱ በልጅነቱ የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች እንደዚያ ናቸው፤ የወንጂ ስኳር እርሻ መንደሮች ደግሞ በዚህ ችግር ለረጅም ዘመን ሲጠኑ ኖረዋል። ይህ ከሻይ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የሻይ ተክል ፍሎራይድን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ውስጥ የሚያከማች ተክል ነው፤ ያረጀው ቅጠል ከለጋው ይልቅ ብዙ ይይዛል፤ ሲፈላም ወደ ውሃው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ውሃችሁ አስቀድሞ ከዚህ በላይ ከሆነና በላዩ ላይ ርካሽ፣ ካረጀ ቅጠል የተዘጋጀ ሻይ በቀን አራት አምስት ጊዜ ከጨመራችሁ፣ ለጥርስ ብቻ ሳይሆን ውሎ አድሮ ለአጥንትም የሚተርፍ ነገር ነው።

ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይጠናከራል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ሰው «አፍልቼዋለሁ እኮ» ስለሚል ነው። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ ለሻይ ከጉድጓድ ውሃ እመርጠዋለሁ። በግቢያችሁ ጉድጓድ ካላችሁ ግን ሳታስመረምሩ ዕለታዊ ሻይ አታፍሉበት። የታሸገ ውሃ የምትጠቀሙም ጀርባውን አገላብጡ፤ የፍሎራይዱን መጠን ከማዕድናቱ ዝርዝር ውስጥ የሚያሰፍሩ አሉ።

አፈላሉ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው «ይመራል» ብሎ የሚተወው ግን በአፈላሉ ስህተት ነው። አረንጓዴ ሻይ እንደ ጥቁሩ እሳት ላይ አይንተከተክም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለአረንጓዴ ሻይ የሚስማማው ደግሞ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ። ማንቆርቆሪያውን አውርዳችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፍስሱና ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ አጥልሉት። ጥሩ ቅጠል ከሆነ በብርጭቆው ውስጥ ተጠቅልሎ የነበረው ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ ውሃው ቀለል ያለ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሽታው አሁን ከድስት የወጣ ጎመን ይመስላል። ቅርንፉድና ቀረፋ አትጨምሩበት፤ ጣዕሙን ይውጡታል። ስኳሩን ተዉት። ደግሞም እየፋጀ አትጠጡት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

አሁን ስለሚሸጡት። በሚዛን የሚሸጠው ሻይ ቅጠል ጥቅሙ ዓይናችሁ የሚያየውን መግዛታችሁ ነው። አደጋውም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ሩብ ኪሎ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ቅጠሉ ወደ ቡናማ ዞሯል፣ ሽታው የድርቆሽ ነው፤ በመስታወት መደርደሪያ ውስጥ የአዳማ ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻጩን «እስቲ በእጄ ይዤ ላሽትተው» ሳልል አልገዛም፤ ከግልጽ ላስቲክ ይልቅ ብርሃን ከማያስገባ ቆርቆሮ የሚቀዳውን እመርጣለሁ። ባለ ክሩ ሻይ ጣዕሙ ደከም ያለ ነው፤ ውስጡ ያለው ብናኝ ስለሆነ ቶሎ ይመራል፤ በአንድ ደቂቃ ተኩል አውጡት። ለቢሮ ግን ከእርሱ የሚመች የለም። የታሸገበትን ቀን ሳታዩ አትግዙ።

በካፌ የሚቀርበውን አረንጓዴ ሻይ አላማርርም፤ ብቻ አስተናጋጁን ሙቁን ውሃና ከረጢቱን ለየብቻ እንዲያመጣላችሁ ጠይቁ። አለዚያ ከረጢቱ ከኩሽና ተነክሮ እስኪደርሳችሁ ድረስ መርሮ ይቀርባል።

«የሚያከሳ ሻይ» የሚባሉትን ፓኬቶች ጀርባ አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ሰነመኪ አለበት፤ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። በሚዛን ላይ የሚጎድለው ውሃችሁ እንጂ ስባችሁ አይደለም፤ በየቀኑ ሲወሰድ ደግሞ አንጀትን ያለ እርሱ እንዳይሠራ ሊያስለምደው ይችላል። አረንጓዴ ሻይ ራሱ ክብደት ይቀንሳል የሚለውም ሲመረመር የተገኘው ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ነው። እንክብሉ ከሁሉ ያስፈራኛል፦ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳለው፣ ዋናውን ካቴኪን በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። በውሃ ተፈልቶ የሚጠጣው ሻይ ላይ ግን በአጠቃላይ ያን ዓይነት ስጋት አላቀረበም።

ታዲያ ለምን እንጠጣው? በጃፓን ኦሳኪ በሚባል አካባቢ በ40,530 ሰዎች ላይ ለ11 ዓመታት ክትትል ተደርጎ ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ከአንድ ስኒ በታች ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞታቸው መጠን 16 በመቶ ያነሰ ነበር፤ በልብና በደም ሥር በሽታ ደግሞ በሰባት ዓመት ክትትል 26 በመቶ። በካንሰር ሞት ላይ ልዩነት አልታየም። የእነርሱ ስኒ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ የእኛ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ማለት ነው። ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ሻይ የሚያዘወትሩት ሰዎች በሌላውም አኗኗራቸው ሊለዩ ይችላሉ። በሙከራ የታየው መጥፎውን ኮሌስትሮልና የደም ግፊትን ጥቂት ዝቅ ማድረጉ ነው። ለእኔ ይህ ይበቃኛል፤ በተለይ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበትን ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ የሚተካ ከሆነ። መድኃኒት የሚተካ ግን አይደለም። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ በየቀኑ አትጀምሩት።

የአገራችን የውሽውሽና የጉማሮ ጥቁር ሻይም ከዚያው ተክል ነው፤ የሚለየው ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በመጥቆሩ ነው። አረንጓዴው በአፋችሁ ካልገባ ጥቁሩን ቀጠን አድርጋችሁ ያለ ስኳር ብትጠጡ የምታጡት ብዙ አይደለም። ሽፈራውና ጦስኝ ግን ሌላ ተክል ናቸው፤ ካፌይን ስለሌላቸው ማታ እንቅልፍ ለሚነሣው ሰው ጦስኙን እጠቁማለሁ።

ፍራንኮ ወይም መብራት ኃይል አካባቢ የታሸገበት ቀን የተጻፈበት፣ በቆርቆሮ የተቀመጠ ቅጠል የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ የእኔው ሊያልቅ ሁለት እፍኝ ቀርቶታል።