ካሜራን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ለማንሳት የቱ ሶፍትዌር ይሻለኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። የብራና መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳሁ ነው። ካሜራው ካኖን 80ዲ ነው፤ ከብራናው በላይ ቁልቁል እንዲያይ በማቆሚያ አስሬዋለሁ። በእጅ ሲነካ ስለሚነቃነቅ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ሆኜ ማዘዝ እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋባይት።

አሁን የምጠቀመው ኢኦኤስ ዩቲሊቲ የሚባለውን የካኖንን የራሱን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ፎከሱንም ከስክሪኑ ላይ አስተካክላለሁ። ፎቶው ላፕቶፑም ካርዱም ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም አልሰጋም።

የሚያስጨንቀኝ የፋይሉ ስም ነው። የብራና ቅጠል ፊትና ጀርባ አለው። ስለዚህ ፊቱን ሀ፣ ጀርባውን ለ ብዬ ስሙ 12ሀ፣ 12ለ፣ 13ሀ እያለ እንዲሄድ እፈልጋለሁ። ተከታታይ ቁጥር ብቻ ከሆነ አንድ ገጽ ከተዘለለ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል። ብራናውን ደግሞ ደጋግሞ መግለጥ ይጎዳዋል።

ዲጂካምኮንትሮል የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ከካኖንም ከኒኮንም ጋር ይሠራል። ካፕቸር ዋን የሚባለውን ፕሮግራም ብዙ ባለሙያ ያመሰግነዋል፤ ግን ክፍያ ስላለው፣ በዶላር የሚከፍል ካርድም ስለሌለኝ አልቻልኩም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ዲጂካምኮንትሮል ላይ ስሙን በዚህ መንገድ ማዘጋጀት ይቻላል? ወይስ በኢኦኤስ ዩቲሊቲ አንስቼ ስሙን ማታ በሌላ ፕሮግራም ልቀይር? በሥራ ላይ የሞከራችሁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።