8,400 ብር አለን፤ ሳኒታይዘር እንግዛ ወይስ ሳሙና?

የቢቸናው ልጅ

ሰላም ወገኖች። የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እንደ ሁላችሁም በዚህ በ2012 ዓ.ም. በመጣው የኮሮና ቫይረስ ምክንያት ከግቢ ወደየቤታችሁ ተብለን ቢቸና ከገባሁ ሰነበትኩ። እስካሁን የሠራሁት ነገር ቢኖር ሽሮ መብላትና ስልክ ላይ መጣድ ነው። አሁን ከእኛ ሰፈር ተምረው የወጡ ልጆች፣ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ያሉት፣ በቴሌግራም አዋጥተው 8,400 ብር ላኩልን። እዚህ ያለነው ተማሪዎች ሰባት ነን። ገሚሱ ሳኒታይዘር ገዝተን በየቤቱ እናድል ይላል። አንዱ ደግሞ መጀመሪያ ቲሸርት እናሳትም አለ (ስሙን አልጠራም፣ ያነባል)። ገበያው እንደሆነ እንደ ድሮው ነው፣ ትከሻ ለትከሻ። እናቴ ራሷ «ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እያለ ምን ያሰጋል» ትለኛለች። እስቲ የሞከረ ይንገረን፣ ገንዘቡ የሰው ነው፣ እንዳናባክነው።

ጤና መኮንኑ

ቲሸርቱን እርሱት። እኔ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አሁን ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሳኒታይዘር በዚህ ሰሞን ከተገኘም ዋጋው አይቀመስም። ለአንድ ቤተሰብ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብትሰጡ ሳምንት አትቆይም፣ ከዚያ በኋላስ? የቫይረሱ ሽፋን ስብ ነው፣ ሳሙና ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ውሃ ባለበት ሳሙና ይበቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግዙ። አፉ አጠገብ በጋለ ምስማር ቀዳዳ አበጁለት፣ በእንጨት ላይ አንጠልጥሉት፣ ከአንገቱ በገመድ አስራችሁ ታች ካለ መርገጫ ጋር አያይዙት። ሰው በእግሩ ሲረግጥ ያዘነብላል፣ በእጁ የሚነካው ነገር የለም። ገበያ መግቢያ፣ ወፍጮ ቤትና መናኸሪያ በር ላይ ትከሉት። ከዚያ በፊት ግን የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አግኟት። የትኛው ቤት ሽማግሌ እንዳለ፣ የትኛው ቤት የስኳር ወይም የአስም ሕመምተኛ እንዳለ ከእናንተ አሥር እጥፍ ታውቃለች። አንድ ነገር ደግሞ፦ በመጋቢት 2012 ለኮሮና የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ከልክሏል፣ ሰባታችሁ ተግተልትላችሁ አትውጡ።

ኬሚስቱ

ሳኒታይዘሩንም ጭራሽ አትናቁት እንጂ። ውሃ በሌለበት፣ ለታክሲ ረዳት፣ ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል ባለሱቅ እሱ ነው የሚያዋጣው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ቀላል ነው። ለ10 ሊትር 96 በመቶ የሆነ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ ግሊሰሪን 145፣ የቀረውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሙላው። ከዚያ 72 ሰዓት ታስቀምጠዋለህ። ግን ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት፣ ኢታኖል እሳት ነው፣ የእናታችሁ ምድጃ አጠገብ ጉድ እንዳይፈላ። ቅርባችሁ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሚያመርት ከሆነ በደብዳቤ ጠይቁ። ደግሞ ሰፈር ውስጥ በአረቄ እጁን የሚታጠብ ሰው አይቻለሁ። ዳግም አረቄ እንኳ የሚፈለገውን 60 በመቶ አልኮል አይደርስም። ለጉሮሮ ይሁን፣ ለእጅ አይሆንም።

ከእንጅባራ

እኛ ከመጋቢት 22 ቀን 2012 ጀምሮ ለ14 ቀን ተብሎ ተዘግተናል፣ ባሕር ዳር፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳምም አብረውን ናቸው። ስለዚህ እናንተ ገና ሳይደርስባችሁ አስቡበት። እኛ ያደረግነው ይህ ነው፦ በየመንደሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊትና ሽማግሌዎችን መዘገብን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ተማሪ መደብን። ተማሪው ዱቄት፣ ጨው፣ ጋዝ፣ መድኃኒት በራፍ ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ ይጣራል። መጀመሪያ ቀን አንዲት እናት «ልጄ፣ ደጄ ድረስ መጥተህ ሳትሳለመኝ?» ብለው አለቀሱ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከሳሙናው ይልቅ ይህ ነው የከበደኝ።

ዲማ በኩል

የቆሎ ተማሪዎችን ማንም አላነሳቸውም። ጎጃም ውስጥ ሆነን! አንዲት ጎጆ ውስጥ አራት አምስት ሆነው ያድራሉ፣ ቀን ቀን ኮፈዳቸውን ይዘው «ስለ ማርያም» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። አሁን ሰው በሩን ሲዘጋባቸው ምን ይበሉ? ከብሩ ላይ እህልና ሽሮ ገዝታችሁ ለየኔታ አስረክቡ፣ ልጆቹ ከመዞር ይረፉ። ሁለተኛ፣ ስለ እጅ መታጠብ እናንተ ከምትሰብኩ ቄሱ ቢናገሩት ይሻላል። የኛ አባት መስቀላቸውን ከሩቅ ማሳየት ሲጀምሩ ነው ሰዉ ነገሩ የምር መሆኑን ያወቀው።

ታዛቢ

አንድ ሳሙና ለአንዲት እናት እየሰጡ አሥራ አምስት ሆኖ ፎቶ መነሳት ካለ እኔ የለሁበትም። አምና የችግኝ ተከላውን አይተናል።

የቢቸናው ልጅ

እንኳን አደረሳችሁ፣ ፋሲካውን በየቤታችን አሳለፍነው። ዞሬ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቲሸርቱ ቀረ (ልጁ አኩርፎ ነበር፣ አሁን ከሁላችንም በላይ ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው)። ስድስት ጀሪካን ተከልን። የመጀመሪያው የገበያ ቀን ሳሙናው በሰዓት ውስጥ ጠፋ፣ ሁለተኛውም ጠፋ። እናቴ አሮጌ ካልሲ አምጥታ ሳሙናውን ከተተችበትና ከእንጨቱ ጋር ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ሰው ካልሲውን እያሸ ይታጠባል፣ አረፋው ይወጣል፣ የሚሰርቀውም የለም። ገመዱ ሁለቴ ተበጠሰ፣ የጫማ ሰፊው ልጅ በሲባጎ ቀየረልን። ከቀረው ብር ሽሮና በርበሬ ገዝተን ለየኔታ አደረስን። ቁጥራቸው ካሰብነው በላይ ሆኖ እህሉ አልበቃም። የግሩፑን ልጆች እንደገና ልንጠይቅ ነው፣ ደብዳቤውን ማን ይጻፍልን?