የሜሮፔነም ዞን ጠቦብናል፤ ዲስኩ ነው ባክቴሪያው?

ሰላም ለሁላችሁ፤ የምንጽፈው ከለገጣፎ ነው። የሳንባ በሽታቸው ሥር ከሰደደ ታካሚዎች አክታ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለውን ባክቴሪያ እናገኛለን። ማኮንኪ አጋር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ ላክቶስ አያቦካም፣ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ነው፣ ሳህኑ ሲከፈት ወይን ወይን ይሸታል። እስከዚህ ችግር የለም።

የተቸገርነው መድኃኒት መላመዱን ስንለካ ነው፤ ማለትም መድኃኒት ያለበትን ዲስክ አጋር ላይ አስቀምጠን ባክቴሪያው የማያድግበትን ክብ (ዞን) ስፋት ስንለካ። ልኩ የታወቀው መቆጣጠሪያ ባክቴሪያ፣ ኤቲሲሲ 27853፣ በ10 ማይክሮግራም ሜሮፔነም (ካርባፔነም ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች አንዱ) ከ27 እስከ 33 ሚሊሜትር ዞን መስጠት ሲገባው 23 ላይ ቀረ። የሙለር ሂንተን አጋሩ ውፍረት 4 ሚሊሜትር፣ የባክቴሪያው ድፍርስ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ 35 ዲግሪ ላይ 18 ሰዓት። የሌላው አንቲባዮቲክ፣ የሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ዲስክ ልኩን ስለሰጠ አጋሩንም ድፍርሱንም አልጠረጠርንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን የዲስኩ ካርትሪጅ ላብ ያወጣል፤ ካርባፔነም ደግሞ ሙቀትና እርጥበት አይችልም። አዲስ ብንከፍትም 24 ሆነ፤ እሱም እዚያው ፍሪጅ የከረመ ነው።

ኤምሲአይኤም (mCIM፣ በሜሮፔነም ዲስክ ካርባፔነሜዝ መኖሩን የሚለይ ምርመራ) ልንሠራ አስበን ተውነው፤ የደከመ ዲስክ ካርባፔነሜዝ (ካርባፔነምን የሚያፈርስ ኢንዛይም) የሌለውን ባክቴሪያ አለው ያሰኛል።

ዲስኩ ነው ወይስ ደጋግመን ያዛወርነው መቆጣጠሪያ ተለውጦ? በምን እንለየው? ዲስክ በማይነስ 20 የምታስቀምጡ አንድ ካርትሪጅ ብታውሱን ጎን ለጎን እንፈትሽ ነበር። እስከዚያ የሜሮፔነም ውጤት አንለቅም፤ ታካሚው የሚያድነውን መድኃኒት በእኛ ስህተት እንዳይከለከል።