«አውርድ» ቀድሞ «ጫን» የሚከተለው እንዴት ነው?

ሐመልማል፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ጥያቄ ጥለውብኝ ሄዱ። ስልካቸውን በአማርኛ አድርጌላቸው አንድ መተግበሪያ ስናስገባ «መጀመሪያ እናወርደዋለን፣ ከዚያ እንጭነዋለን» አልኳቸው። ወጣትነታቸውን እህል በአህያ ሲያመላልሱ ያሳለፉ ሰው ናቸው። «ሳይጫን የሚወርድ ምን ዓይነት ጭነት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። መተግበሪያ ማስወገጃውን «አራግፍ» የሚለውን ሲያዩ ግን «ይሄስ የኛ ነው» አሉ። ተርጓሚው ገልብጦት ነው እንዴ?

ባለ ግስ፦
አልገለበጠውም። ጆንያው አህያዋ ጀርባ ላይ ከመውጣቱ በፊት የት ነበር? ቆጥ ላይ ነበር በይያቸው። ከቆጥ ይወርዳል፣ ይጫናል፣ ሲያበቃ ይራገፋል። ቆጡ እዚህ ሰርቨር የሚባለው፣ ምናልባት ባሕር ማዶ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ «ጫን» እና «ተጫን» በአንዲት «ተ» ብቻ መለያየታቸው። «ጫን የሚለውን ተጫኚው» ብሎ እናቱን በስልክ ያስረዳ ሰው ያውቀዋል።

ሞባይል ጠጋኝ፦
ግሱን ለእናንተ ልተውና ከሥራው በኩል ልናገር። የወረደው ፋይል አፉ እንደተሰፋ ጆንያ ነው። «ጫን» ስትሉት ስርዓተ ክወናው፣ ማለት ስልኩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም፣ ስፌቱን ፈትቶ ውስጡ ያለውን በየቦታው ያስቀምጣል፣ መተግበሪያውንም ይመዘግባል። እስካሁን ግን ምንም አልሠራም፤ ተኝቷል። ምልክቱን ነክታችሁ ስትከፍቱት ነው ከማከማቻው ወደ ራም፣ ስልኩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው ወደሚይዝበት ማኅደር፣ የሚገለበጠው። ከዚያ ፕሮሰሰሩ፣ የስልኩ አስሊ ክፍል፣ ትእዛዞቹን ያነሳል፦ ይህን ደምር፣ ያንን ከዚህ አወዳድር፣ እኩል ከሆኑ ወደዚያኛው ትእዛዝ ዝለል። ሶፍትዌር የምንለው ይኸው የትእዛዝ ክምር ነው። አንዱ ትእዛዝ ብቻውን ሲያዩት ያስቃል፤ ፍጥነቱ ነው ጉዱ፣ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር። ስለዚህ ለእኔ እውነተኛው መጫን መተግበሪያው ሲከፈት፣ ራም ላይ ሲወጣ ነው።

ሐመልማል፦
እሺ፣ «መሸጎጫ»ስ? ቅንብሩ ውስጥ «መሸጎጫ አጽዳ» ይላል። አያቴ ገንዘብ መስሏቸው «አትንኪው!» ብለውኛል።

ባለ ግስ፦
አያትሽ እኮ ከብዙ መዝገበ ቃላት ይሻላሉ። ሸጎጠ ማለት በመቀነት፣ በብብት፣ በፍራሽ ሥር ቶሎ በሚደረስበት ቦታ ወሸቀ ማለት ነው። ስልኩም እንደዚያው፣ አንዴ ያየሽውን ምስል ደግሞ ከቆጥ ላለማውረድ ብሎ ቅጂውን አጠገቡ ይሸጉጣል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለስልክ የተተረተ ይመስላል፤ ቆጡም፣ ማውረዱም፣ ብብቱም አለበት።

ሞባይል ጠጋኝ፦
በተረቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመሸጎጫው ቢጸዳ ግድ የለም፣ መተግበሪያው እንደገና ይሰበስበዋል፤ መጀመሪያ ላይ ብቻ ትንሽ ይንቀራፈፋል። የሚያስለቅሰው «ውሂብ አጽዳ» ነው። ባለፈው አንዲት ደንበኛዬ አዲስ ጨዋታ ለማውረድ ቦታ ቢጠባት እሱን ተጫነችና የማስታወሻ መተግበሪያዋ ባዶ ሆኖ አረፈው። የሁለት ዓመት የእቁብ ሒሳብ!

ባለ ግስ፦
«ውሂብ» ከግዕዙ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ የመጣ ነው፤ የተሰጠ ማለት ነው። ፈረንጆቹ «ዳታ» የሚሉትም በላቲን «የተሰጡ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚው ባርኔጣዬን አስነስቶኛል።

የመርካቶ ልጅ፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። «ሶፍትዌር» ራሱስ ለምን ሳይተረጎም ቀረ?

ባለ ግስ፦
«ሃርድዌር» በእንግሊዝኛ ድሮ ምስማር፣ ማጠፊያና ቁልፍ የሚሸጥበት ሱቅ ዕቃ ነበር፤ እናንተ ሰፈር ብረታ ብረት የምትሉት። «ሶፍትዌር» በዚያ ላይ የተቀለደ ተቃራኒ ነው፤ ጆን ቱኪ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1958 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተጠቅሞበታል። ወደ አማርኛ «ለስላሳ» ብለን ብንመልሰው አስተናጋጁ «ቀዝቃዛ ነው?» ይለናል።

ሐመልማል፦
የቆጡን ነገር ነገርኳቸው። ተቀበሉት። አሁን ደግሞ «ታዲያ አህያዋ ማን ናት?» ብለዋል።

ሞባይል ጠጋኝ፦
ካርድ የሚሞላው።