የላባ ደብተሬ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቡራዩ፣ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ነው። የወፍ ላባ መልቀም ሱሴ ነው። ወፍ ነክቼ አላውቅም፤ ሁሉም ወድቆ ያገኘሁት ነው። አንድ አሮጌ ደብተር ሞልቶልኛል። ከሁሉ የምሳሳለት እንጦጦ ጫካ ያነሳሁት፣ ቱራኮ የሚባል የጫካ ወፍ የክንፍ ላባ ነው። ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ቅላቱ ደም ይመስላል። ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ፣ የእውነት መዳብ!

አሁን ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ መጥታ፣ "ለልጆቼ ልውሰድላቸው" ብላ ደብተሩን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ጨነቀኝ። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣ የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ አለ። በዝርዝሩ ያለ ወፍ ላባ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፤ መሬት ላይ ወድቆ የተገኘም ቢሆን። በዚያ ላይ ጭራዋ እንደ መቀስ የተከፈለው፣ ከብርድ ሸሽታ እኛ ጋ የምትመጣው ትንሿ ወፍ አሜሪካም ትኖራለች። ላባዋ ደብተሬ ውስጥ አለ።

የእኛም አገር የዱር እንስሳት አዋጅ እንስሳቱንም ውጤቶቻቸውንም ይመለከታል። ቱራኮ ደግሞ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት) ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ድንበር ለማሻገር ወረቀት ይፈልጋል።

እህቴ "ላባ ነው እኮ፣ የዝሆን ጥርስ አይደለም" እያለች ትስቅብኛለች። ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለጥቂት ላባ ፈቃድ ያወጣ ሰው አለ? ስንት ቀን ፈጀበት? የዶሮውን ላባ ብቻ ደብተሩ ውስጥ ትቼ ሌላውን ላውጣው እንዴ? በረራዋ ሐሙስ ማታ ነው።