ጥቆማ፦ ኮሎራዶ ላይ ኢንዲፔንደንስን ለመውጣት የትኛው ጋይድ? ጫማስ?

የአውሮራዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በጥቅምት ግራንድ ጀንክሽን ልንሄድ አስበናል። ኮሎራዶ ናሽናል ሞኑመንት የሚባለው ፓርክ ውስጥ፣ ሞኑመንት ካንየን ላይ ለብቻው የቆመውን ኢንዲፔንደንስ የሚባል የድንጋይ ማማ መውጣት እንፈልጋለን። የድንጋይ መውጫ ጂም እንሄዳለን፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ግን ገና ነን። እዚያው ያለ ጋይድ ይሻላል ወይስ ከዴንቨር ይዞ መሄድ? ጫማስ ምን ትመክራላችሁ?

ዳገት ወዳጅ፦ እህቴ፣ የአካባቢውን ሰው ያዢ። ከዴንቨር 4 ሰዓት መንገድ ነው፤ የዴንቨሩ ጋይድ ጉዞውንና ማደሪያውንም ሊያስከፍልሽ ይችላል። የማማው ከፍታ 450 ጫማ ገደማ ነው። የምትወጡበት የኦቶ መንገድ ይባላል፣ በአሜሪካ የድንጋይ መውጣት ክብደት መለኪያ ደረጃው 5.8 አካባቢ ነው። ጆን ኦቶ ድንጋዩን እየበሳ የብረት ቱቦ ሰክቶ እንደ መሰላል ሠራበት። እ.ኤ.አ. በ1911 ጁላይ 4 ቀን አናቱ ላይ ባንዲራ ሰቀለ። ብረቶቹ በአብዛኛው ተነስተዋል፤ ቀዳዳዎቹ ግን አሁንም እጅ ያስገባሉ። ይህ ሰውዬ ቦታው እንዲጠበቅ ብዙ የለፋ ነው። ጠባቂ ሆኖ ሲሾም ደሞዙ በወር 1 ዶላር ነበር። እኔ በጣም ነው የማከብረው።

ቢኒ፦ ጋይድ ላይ ተጠንቀቁ! ስማቸውን አልጠራም። ቀብድ ተቀበሉን። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት «ከላይ ደርቋል፣ ችግር የለም» አሉን። የፓርክ ፈቃድ አላችሁ ወይ ስንል መልስ የለም። ጥለናቸው ተመለስን። ቀብዱ በዚያው ቀረ።

ናቲ፦ በካርድ ነው የከፈልከው? ባንክህ ደውል፣ ያስመልሱልሃል።

ቢኒ፦ በዜል ነው፣ በቀጥታ ከባንክ ወደ ባንክ በሚልከው።

ናቲ፦ ኧረ! እንግዲያው ከባድ ነው።

ጎበዜ፦ ለማያውቁት ሰው በዜል ብር ልኮ ጋይድ ሁሉ ሌባ ነው ማለት፣ ጎሽ!

ቢኒ፦ ሁሉ ሌባ ነው አላልኩም። የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት።

ማሚ ኤልሳ፦ ልጆቼ አትጣሉ። ቢኒዬ አይዞህ፣ ገንዘብ ይተካል። ደግሞ መውጣት ግዴታ አይደለም። ሪም ሮክ ድራይቭ የሚባለው 23 ማይል መንገድ ላይ በመኪና እየሄዳችሁ ማማውን ከፊት ለፊት ታዩታላችሁ። መግቢያው ለአንድ መኪና 25 ዶላር ነው፣ 7 ቀን ያገለግላል። እኛ ከነልጆቹ ሄደን በጣም ደስ ብሎን ተመለስን።

ዳገት ወዳጅ፦ እትዬ፣ እሷ የጠየቀችው ስለ መውጣት ነው። የአውሮራዋ፣ ከቢኒ ነገር ሁለት ቁም ነገር ያዢ። አንደኛ፣ በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ቦታ ላይ ብር ተቀብሎ ሰው የሚመራ ሁሉ የፓርኩ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ፓርኩ ጋ ደውለሽ ስሙን ጠይቂ። ሁለተኛ፣ ዝናብ። አሸዋማ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ አቅሙ ይከዳል። የአሸዋውን ቅንጣት አያይዞ የያዘው ነገር ይላላል። የጨበጥሽው ሊሰበር፣ ስንጥቁ ውስጥ የሰካሽው ካም (ገመዱን የሚይዘው ብረት) ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል። መንገዱም ለሌላው ሰው ይበላሻል፤ የተሰበረ መያዣ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይጠበቃል። ላዩ ደርቆ ብታዪው አትመኚ። ከድንጋዩ ሥር ያለውን አፈር ጫር ጫር አድርጊ፤ እርጥብ ከሆነ አትውጡ። «ቀኑን ብንቀይርስ?» ስትዪው የሚቆጣ ጋይድ ከሆነ ተዪው።

ናቲ፦ እቃውን በሙሉ አር ኢ አይ ግዢ፣ የተራራና የካምፕ እቃ የሚሸጠው። ዴንቨር ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ሱቅ። አለቀ።

ጎበዜ፦ ያው ገመድ ኦንላይን ይረክሳል።

ናቲ፦ ይርከስ። እኔ ሌላ ቦታ አልገዛም። ሠራተኞቹ ራሳቸው ድንጋይ የሚወጡ ናቸው፣ ያስረዱሃል።

ሰምሃል፦ የትም ብትገዢ ያገለገለ ገመድ ከማታውቂው ሰው አትግዢ። ምን እንደደረሰበት አይታወቅም። ወደ ጫማው ስመጣ፣ ሁለት ዓይነት የመውጫ ጫማ አድርጌያለሁ። የላ ስፖርቲቫው ቲሲ ፕሮ ቁርጭምጭሚት ይሸፍናል፣ ሶሉ ጠንካራ ስለሆነ ስንጥቅ ውስጥ እግር አያሳምም። ግን ውድ ነው፣ ከ200 ዶላር በላይ። የፋይቭ ቴኑ ሞካሲም ለስላሳ ነው፣ ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ግን እግርሽ እስኪለምድ ያምሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መውጫ ጂም የምታደርጊው ምቹ ጫማ ይበቃሻል። ብሩን ለጋይዱ አድርጊው። ሄልሜት ግን አትርሱ፣ ከላይ ድንጋይ ይወርዳል።

የመቀሌ ልጅ፦ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከወደዳችሁ ገራልታ ሂዱ። አቡነ የማታ ጉህ ጋ በባዶ እግር ነው የሚወጣው።

ሰምሃል፦ ልክ ነህ፣ ድንጋዩ ያምራል። ግን እሱ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለጸሎት ነው የሚወጣው። ሁለቱ አይወዳደሩም።

ማሚ ኤልሳ፦ ውሃ ያዙ! ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን። ሸለቆው ውስጥ ውሃ የለም።

ቢኒ፦ የዚያን ጋይድ ስም የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ።

የአውሮራዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ተባረኩ። ሰምሃልዬ፣ ጫማው በካልሲ ነው ያለ ካልሲ የሚለካው?

ሰምሃል፦ ያለ ካልሲ። ከሰዓት በኋላ ለኪው፣ እግር ያኔ ትንሽ ያብጣል።

ናቲ፦ አር ኢ አይ ሄደሽ ለኪው።